ሊብሬው በእኔ ስም፣ መሪው በእሱ እጅ

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ነው፦

«እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ አለችን። መጠጡ አልቻል ሲለኝ ልጄን ይዤ እዚሁ አዳማ፣ ደምበላ እናቴ ጋ ከገባሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ እሱ ቤታችን ውስጥ ነው። በትዳር ውስጥ የገዛናት አንድ ቪትዝ አለችን፤ ሊብሬዋ በእኔ ስም ነው፣ የሚነዳት ግን እሱ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ጠጥቶ ሲነዳ ፍራንኮ አካባቢ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። የባጃጁ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ባለቤቴ ሁለት ቀን ታስሮ በዋስ ወጣ፤ መኪናዋ ፖሊስ ጣቢያ ናት። ያለን ኢንሹራንስ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። የባለቤቴ ወንድም ‹አንቺ ነበርሽ የነዳሽው በይ፤ መንጃ ፈቃድ አለሽ፣ አትጠጪም፣ ነገሩ ይቀላል› ይለኛል። የራሴ ወንድም ደግሞ ‹ሊብሬውን ቶሎ በእኔ ስም አዙሪው› ይላል። እኔ የማስበው ፍቺውን ነው። አሁኑኑ ብፋታ ካሳው ከእኔ ላይ ይወርዳል? ቤቱስ ምን ይሆናል?»

እህቴ፣ «አንቺ» እያልኩ ስጽፍልሽ በድፍረት አትያዥብኝ፤ የቤትሽን ገበና ይህን ያህል ነግረሽኝ «እርስዎ» እያልኩ ብመልስልሽ እኔኑ ይቀፈኛል። ጥያቄዎችሽንም በጠየቅሽበት ቅደም ተከተል አልመልስም። የሚያጣድፈው ይቅደም፤ የሚያጣድፈው ደግሞ የባለቤትሽ ወንድም ያመጣው ነገር ነው።

«እኔ ነበርኩ የነዳሁት» የሚለውን ቃል ለፖሊስም፣ ለዐቃቤ ሕግም፣ ለሽማግሌም ቢሆን እንዳትናገሪ። ይህ ምክር ሲሰጥ ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሁልጊዜ የሚያመጣው ዘመድ ነው፤ ሁልጊዜም «ነገሩ ይቀላል» ተብሎ ነው። እስቲ መዝገቡ ውስጥ አሁን ምን እንዳለ አስቢ። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን አንስቷል። ፕላን የሚሉት አንድ ገጽ ንድፍ ነው፤ መንገዱ በሁለት መስመር ይሳላል፣ መኪናዋና ባጃጁ የቆሙበት ቦታ በሳጥን በሳጥን ይቀመጣል፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ጎማው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የፍሬን ምልክት ካለም ርዝመቱ ይጻፍበታል። ነጂው ማን እንደነበረም አብሮ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው የባልሽ ስም ነው። ሁለት ቀን ታስሮ ቃሉን የሰጠው እሱ ነው፤ ዋስ የተጠራው ለእሱ ነው። የባጃጁ ልጅም ቢሆን መሪ ጨብጦ የነበረው ወንድ ይሁን ሴት አይጠፋውም።

በዚህ ሁሉ ላይ ብቅ ብለሽ «እኔ ነኝ» ብትዪ እሱ ነፃ አይወጣም፤ አንቺ ግን ፍትሕን በማሳሳት ትጠየቂያለሽ። ቃልሽ ቢታመን ደግሞ የባሰ ነው፤ ያኔ የወንጀሉ ተከሳሽ አንቺ ሆንሽ፣ ልጅሽም በፍቺው መዝገብ ላይ እናቷ ተከሳሽ የሆነች ልጅ ሆነች። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ለልጃቸው ብለው «እኔ ነኝ» ብለው ፈርመው ኖሮ፣ እኔ ጋ የመጡት ካሳው ሲጠየቅ ነበር። ያንን ቃል ለማስተባበል ሁለት ዓመት ተመላለስን፤ ዳኛው በየቀጠሮው ያነቡልን የነበረው ያንኑ የሳቸውን ፊርማ ነው።

የባልሽ የወንጀል ጉዳይ የእሱ ብቻ ነው። ሊብሬ በስምሽ ስለሆነ የምትታሰሪበት ሕግ የለም። በቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 የሚታይ ነው። የባጃጁ ልጅ፣ አያድርገውና፣ ቢሞት ወደ አንቀጽ 543 ይዞራል፤ እዚያ ላይ መጠጡ ቅጣቱን ከሥሩ ይለውጠዋል። ሾፌር በቸልተኝነቱ ሰው ቢገድል በተለመደው ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ራሱን በመጠጥ አስቶ ከነበረ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በዚያ ላይ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። ስለዚህ የእሱ ክርክር በአብዛኛው መጠጣቱ በምን ተረጋገጠ የሚለው ላይ ይሆናል፤ ትንፋሹ ተለክቶ ከሆነ ወረቀት አለ፣ ካልተለካ ምስክር ነው። እሱን ለጠበቃው ተዪው። ጠበቃ ይያዝ፤ ብቻ የእሱና የአንቺ ጠበቃ አንድ ሰው እንዳይሆን። ጥቅማችሁ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የሚባል አለ። በፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ሰው ሲያስደነግጥ ያየሁት ከሌላው አንቀጽ ሁሉ ይልቅ ይህን ነው። የመኪና ባለቤት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም። «እኔ ደምበላ ተኝቼ ነበር» ማለት መልስ አይሆንም። ከሳሽ ባለመኪናው ማን እንደሆነ የሚያጣራው ከመንገድ ትራንስፖርት መዝገብ ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ስለዚህ ክሱ ሲመጣ አንደኛ ተከሳሽ አንቺ፣ ሁለተኛ ተከሳሽ ባልሽ ሆናችሁ ብታይ አትገረሚ። እሱ የሚከሰሰው ስላጠፋ ነው፣ አንቺ ባለንብረት ስለሆንሽ ነው፤ ከሳሹ ግን ሙሉውን ከማንኛችሁም መጠየቅ ይችላል።

መውጫ ቀዳዳ አንድ ነው፤ በዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 2 ላይ፣ አደጋው ሲደርስ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ያስረዳ ባለቤት አይጠየቅም ይላል። «ታዲያ ሳልፈቅድለት አይደል የነዳው?» ትዪ ይሆናል። አያስኬድሽም፤ መኪናዋ አምስት ወር ሙሉ እሱ ጋ ነበረች፣ አልከሰስሽም፣ ቁልፍ መልስልኝም አላልሽም፤ በዚያ ላይ በትዳር ውስጥ የተገዛች የጋራ ንብረት ናት፤ ሰው የራሱን ድርሻ ያለበትን መኪና ሰረቀ ብሎ ዳኛ ማሳመን ከባድ ነው። ይልቅ የሚጠቅምሽ ሌላ ነገር ነው፦ ከፍለሽ ከሆነ፣ የከፈልሽውን ጥፋተኛው ነጂ እንዲተካልሽ ልትጠይቂው ትችያለሽ። ይህን ያዢው፤ ፍቺው ላይ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጠበቃም ጭምር፣ የሚያልፈው አንድ አንቀጽ ደግሞ አለ፤ 2084። የተጋጩት ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲሆኑ ሕጉ ሲነሳ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል ብሎ ነው የሚነሳው፤ ጠቅላላው ጉዳት ተደምሮ የእያንዳንዱ ባለቤት ግማሽ ግማሹን ይሸከማል። ባጃጅም ባለሞተር ናት። በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። የልጁ ሕክምናና የቀረበት ገቢ 90,000፣ የባጃጁ ጥገና 60,000፣ የቪትዟ ጥገና 50,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 200,000 ነው። ለሁለት ሲካፈል የአንቺ ሸክም 100,000 ይሆናል፤ የራስሽ መኪና ጉዳት 50,000 ስለሆነ ለእነሱ የምትከፍዪው 50,000 ብቻ ነው። ይህ እኩል ክፍፍል ግን አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ነጂ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ይፈርሳል። ባልሽ ሰክሮ በተቃራኒ መስመር ገብቶ ከሆነ 150,000ውን ትከፍያለሽ፣ መኪናሽንም በራስሽ ገንዘብ ታሠሪያለሽ። ባጃጁ መብራት ሳያበራ በድንገት ተጠምዝዞ ከሆነ ደግሞ መጠጡ ብቻውን ጥፋቱን ሁሉ ወደ እሱ አያዞረውም። ስለዚህ የፕላኑን ቅጂ ማግኘት ለአንቺ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

የሞራል ካሳ የሚሉት አያስፈራሽ። ሕጉ በ1952 ሲጻፍ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፤ ያኔ ብር ብር ነበር፣ ዛሬ ጣሪያው ከሳሹን ራሱን የሚያሳዝን ነው። የሚከብደው ሕክምናው፣ ሥራ የፈታበት ጊዜ፣ እግሩ እንደቀድሞው ካልሆነለት ደግሞ የወደፊት ገቢው ነው። ባጃጁ የልጁ የራሱ መሆኑንም አጣሪ። ብዙዎቹ የሰው ባጃጅ ነው የሚሠሩት፤ እንዲያ ከሆነ ጠያቂዎቹ ሁለት ናቸው፣ ለልጁ ከፍለሽ ባለባጃጁ ነገ ሊመጣ ይችላል። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ረጅሙ ነው የሚሠራው። ዝም ማለታቸውን እንደ መተው አትቁጠሪው።

ኢንሹራንሱ ላይ፦ ሦስተኛ ወገን የሚባለው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው አስገዳጅ መድን ነው፤ የተጎዳውን እንጂ የአንቺን መኪና አይሸፍንም። ጣሪያም አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር። ዛሬ በአንቺ ፖሊሲ (የመድን ውል) ላይ የተጻፈውን እዪ፤ ከዚያ የዘለለው ከባለመኪናው ኪስ ነው። ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ለመድን ድርጅቱ አላሳወቅሽ ከሆነ ነገ ጠዋት ደብዳቤ አስገቢና ቅጂው ላይ ማህተም አስመቺ። የማሳወቂያው ቀን አለፈ ቢሉሽም አስገቢ። ፖሊሲውንም እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ነጂው ሰክሮ ከነበረ ድርጅቱ ለተጎጂው ከፍሎ ወደ ባለመኪናው ሊዞር የሚችልበት ቃል በብዙ ውሎች ላይ አለ። ያ ቃል ካለ ባልሽ የጠጣው ቢራ ሁለተኛ ጊዜ ወደ አንቺ ዞረ ማለት ነው።

የወንድምሽ ምክር ከቅንነት ነው፣ ግን አትስሚው። ኃላፊነቱ የሚታየው አደጋው በደረሰ ሰዓት ባለቤት ማን ነበር በሚል ነው፤ ዛሬ ሊብሬ ብታዞሪ ያ ሌሊት አይዞርም። በዚያ ላይ መኪናዋ የጋራ ናት፤ ስምሽ ላይ መሆኗ ብቻ የግልሽ አያደርጋትም፣ ያለ ባልሽ ፈቃድ ማስተላለፍሽን እሱ ራሱ ተቃውሞ ሊያስፈርሰው ይችላል። ባለገንዘቦችም ከዕዳ ለማሸሽ የተደረገ ነው ብለው ያፈርሱታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳኛው ፊት አንቺ የምትቆሚው ንብረት የምታሸሽ ሴት ሆነሽ ነው፤ የቀረው ክርክርሽ ሁሉ በዚያ ዓይን ይታያል።

እንግዲህ ፍቺው። መጀመሪያ የሕጉን ነገር ላጥራልሽ፤ አዳማ ያለ ትዳር የሚታየው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 እና በማሻሻያው በ83/1996 ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ ዘመድ የላከላቸውን የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ፣ የ213/1992ን አንቀጽ በወረቀት ጽፈው ይመጣሉ። መርሁ በአብዛኛው ያው ነው፣ የአንቀጽ ቁጥሩ ግን አይገጥምም፤ ማመልከቻሽ ላይ እንዳታሰፍሪው። መዝገቡ የሚከፈተውና ክርክሩ የሚካሄደው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን ካልቻልሽ አስተርጓሚ ይመደብልሻል፣ ይህ መብትሽ ነው።

አምስት ወር ተለያይቶ መኖር ፍቺ አይደለም። የመለያየቱ ዓመታት እጅግ ረዝመው፣ ሁለቱም ሌላ ኑሮ መሥርተው ሲገኙ የሰበር ችሎት ትዳሩ ቀርቷል ያለባቸው መዝገቦች አሉ፤ የአንቺ እዚያ አይደርስም። አደጋው ሲደርስ ሚስቱ ነበርሽ፣ ንብረታችሁም የጋራ ነበር። ነገ ብትፋቺ የሚቆመው ከነገ ወዲያ ያለው ነው።

ዕዳውን በሚመለከት ሕጉ ሁለት ዓይነት ዕዳ ይለያል። አንዱ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የእህል። ይህን ሁለታችሁም በአንድነት ትከፍላላችሁ። ሌላው የአንድ ተጋቢ የግል ዕዳ ነው፤ ጠጥቶ በመንዳት የመጣ ካሳ ለትዳሩ ጥቅም ነበር የሚል ዳኛ አላጋጠመኝም። የግል ዕዳ መጀመሪያ ከባለዕዳው የግል ንብረት ይከፈላል። መከራው እዚህ ነው፦ የግል ንብረት ከሌለው ወደ ጋራው ንብረት ይኬዳል። ባልሽ ከወላጆቹ የወረሰው፣ ከጋብቻ በፊት የነበረው ነገር ከሌለ፣ ቤታችሁ ሊነካ ይችላል። አንቺ ደግሞ በ2081 ራስሽ ተከሳሽ ስለሆንሽ «የእሱ ዕዳ ነው» የሚለው ክርክር ከባጃጁ ልጅ ፊት ብዙ አይጠቅምሽም። የሚጠቅምሽ ከባልሽ ፊት ነው። የጋራ ንብረት ሲከፈል ለእሱ የግል ጥፋት ከጋራው የወጣው ገንዘብ ከእሱ ድርሻ ይታሰብልኝ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዷ የምትከፍያት ብር በባንክ ትለፍ፣ በማን ገንዘብና ስለ ምን እንደተከፈለች ይጻፍባት።

«ሰካራም ስለሆነ ቤቱ ለእኔ ይወሰንልኝ» የሚለውን ግን ተይው። የጋራ ንብረት እኩል ነው የሚከፈለው፤ የፍቺው ጥፋተኛ ማን ነው የሚለው ድርሻ አይቀንስም። ለመፋታትም መጠጡን ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ ፍቺ እፈልጋለሁ ማለትሽ ይበቃል። መጠጡ ክብደት የሚኖረው ልጅቷ ከማን ጋር ትኑር ሲባል ነው፤ እዚያ ላይ የአደጋው መዝገብ ቅጂ ከአስር ምስክር ይበልጣል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ የወንጀሉ መዝገብ እስኪያልቅ መጠበቅ የለብሽም፣ ሁለቱ ለየብቻ ይሄዳሉ። ዳኛው «እስቲ ተነጋገሩ» ብሎ ቀጠሮ መስጠቱ የተለመደ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ እስከ 3 ወር ይፈቅዳል። ሰው የሚረሳው ግን ይህን ነው፤ ዋናው ፍቺ እስኪወሰን ሳትጠብቂ የልጅ ቀለብ፣ የልጅ አያያዝ፣ የንብረት አስተዳደር ላይ ጊዜያዊ ትዕዛዝ መጠየቅ ትችያለሽ። ባልሽ ካሳና ጠበቃ ለመክፈል ቤቱን በድብቅ እንዳያስይዝብሽ ዕግድ የምትጠይቂውም በዚያው ማመልከቻ ነው። አቤቱታ ለማስገባት ከቸኮልሽ ለዚህ ቸኩዪ።

አሁን ወደ ባጃጁ ልጅ። ሄደሽ ጠይቀሽዋል? ካልሄድሽ ሂጂ። እዚህ አገር ሽማግሌ ሳይላክ የሚሄድ የመኪና አደጋ የለም፤ ሰው ሲሞትማ በጉማ፣ በኦሮሞ የደም ካሳና የእርቅ ሥርዓት፣ በአባ ገዳዎች ፊት ነው የሚታረቁት። እርቁ የዐቃቤ ሕጉን ክስ አያስቆምም፣ ግን ካሳውን ያቀላል፣ ባልሽም ቅጣት ሲወሰንበት የበደለውን መካሱ ይታይለታል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። በአንድ የእርቅ ወረቀት ላይ «ለመታከሚያ የሚሆን ተቀብያለሁ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ከዓመት በኋላ ተቀባዩ «ያ የመታከሚያ ነው፣ ካሳዬስ?» ብሎ ከሰሰ፤ ረታም። የእናንተ ወረቀት ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሁለቱን ታርጋ፣ የብሩን ልክ ይያዝ፤ ገንዘቡ ለሕክምና፣ ለቀረ ገቢና ለወደፊት ጉዳት ሁሉ መሆኑን ይናገር፤ ባለባጃጁም ይፈርም። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ይፈርሙ። ሐኪሙ እግሩ ምን ያህል እንደሚድን ሳይጽፍ ግን «ሙሉ ካሳ» የሚል ወረቀት አታስፈርሙት፤ ሁላችሁንም ወደ ፍርድ ቤት የሚመልስ ወረቀት ነው የሚሆነው። እስከዚያው ለሕክምናው በየጊዜው በደረሰኝ ክፈሉ፤ ከምትከፍሉት በፊት ደግሞ መድን ድርጅቱን አሳውቂ፣ ሳናውቅ ተስማማችሁ ብለው እንዳይሸሹሽ።

መኪናዋን ፖሊስ ምርመራውን ሲጨርስ ለባለንብረት በማመልከቻ ይለቃታል፤ አመልካቿ አንቺ ሁኚ፣ ሊብሬውንና መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። ስትረከቢያት ያለችበትን ሁኔታ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ እሱ እጅ ያለውን ሁለተኛውን ቁልፍም በሽማግሌዎቹ ፊት ተቀበይው።